ስድስት የጠሩ ጠርሙሶች ወደ ጉለሌ

ከጉለሌ ከተመለስኩ ወዲህ የካምፓችን ሰው በሁለት ተከፍሎብኛል። ገሚሱ "አዲስ አበባ እንዴት ናት?" እያለ ይከበኛል፤ ገሚሱ ደግሞ አካፋውን ትከሻው ላይ እንዳደረገ ዝም ብሎኝ ያልፋል። ይህን የምጽፈው ለሁለቱም ነው። ለጠየቀኝ ያየሁትን እነግረዋለሁ፤ ላኮረፈኝ ደግሞ ለምን ጉድጓድ እየቆፈረ እንደሆነ አስረዳዋለሁ። አብዛኞቻችሁ ጉለሌን አታዩትም፤ እኔም ዳግመኛ የማየው አይመስለኝም። ስለዚህ ሳልቸኩል፣ ልክ እንደ መዝገቤ፣ ቀን በቀን እጽፈዋለሁ።

ወረቀቱ ከካምፓችን ውጪ ያለ ሰው እጅ ቢገባ ግራ እንዳይጋባ ራሴን ላስተዋውቅ። ደምሴ እባላለሁ፤ ሩቅ ደቡብ ባለ የወርቅ ማውጫ ውስጥ የውሃ መዝጋቢ ነኝ። ድንጋዩ ተፈጭቶ ወርቁ ከታጠበ በኋላ የሚተርፈው ጭቃማ ውሃ ወደ ትልቅ ኩሬ ይገባል። ጭቃው እዚያ እንዲዘቅጥ ይጠበቅና ውሃው በመውጫው ቦይ ወደ ወንዙ ይለቀቃል። የእኔ ሥራ ጠዋትና ማታ ቦዩ አፍ ላይ ቆሜ የሚወጣውን እየለኩ መጻፍ ነው። መሣሪያዬ ምልክት የተደረገበት እንጨትና በገመድ የታሰረ ነጭ የቆርቆሮ ሳህን ነው። ሳህኑን ቀስ እያልኩ ወደ ውሃው አወርደዋለሁ፤ ከዓይኔ ሲጠፋ ገመዱን ይዤ ጥልቀቱን እለካለሁ። ውሃው በጠራ ቀን እስከ አንድ ክንድ ይታየኛል፤ በደፈረሰ ቀን ከአራት ጣት አያልፍም። ከስምንተኛ ክፍል ያቋረጥኩት ሰውዬ ይህን ሥራ ያገኘሁት በእጅ ጽሑፌ ማማር ነው፤ ይህንን ሳልናገር ባልፍ ደስ አይለኝም።

ጉዞውን ያመጣው የኦቦ ጂሎ ነገር ነው። ኦቦ ጂሎ ከካምፑ በታች ወንዙ ዳር የሚኖሩ ሽማግሌ ናቸው። በአንድ ክረምት አራት ጥጃ ሞተባቸውና "ውሃው ነው" ብለው ለአውራጃው አቤት አሉ። አውራጃውም ውሃው ጉለሌ ባለ ላቦራቶሪ እንዲመረመር፣ መጥፎ ሆኖ ከተገኘ ኩሬው ተቆፍሮ እስኪሰፋ መውጫው እንዲዘጋ ወሰነ። ሥራ አስኪያጃችን ቢሯቸው ጠሩኝ።

"ጓድ ደምሴ፣ ንጹሕ ወረቀት ይዘህልን ና" አሉኝ። "ሽማግሌውም ይረፉ፣ እኛም እንረፍ።"

ሰኞ

ጠርሙሶቹን እንዴት እንዳዘጋጀሁ አስቀድሜ ልናገር፤ በኋላ ይፈለጋል። ቅዳሜ ጠዋት ከቦዩ አፍ ስድስት ባልዲ ቀዳሁ። የዚያን ቀን ውሃው ወተት የበዛበት ሻይ ይመስል ነበር። ይህን የመሰለ ድፍርስ ለአዲስ አበባ ባለሙያ በየትኛው ዓይኔ ላቀርብ? እኛ ዘንድ ለተራ እንግዳ እንኳ ድፍርስ ውሃ አይሰጥም፤ አድሮና ጠልሎ ከላይ ከላዩ ይቀዳለታል። ስለዚህ ባልዲዎቹን ሸፍኜ አሳደርኳቸው። እሁድ ጭቃው ሁሉ ወርዶ ከላይ ጥርት ሲል በቀጭን ጎማ እየሳብኩ ስድስቱን ጠርሙስ ሞላሁ። የተረፈውን አተላ ከቤቴ ጀርባ፣ ሚስቴ ጎመን የተከለችበት ሥር ደፋሁት። ጠርሙሶቹን በሰም አሸግኩ፤ ቀኑንና ቦታውን በቆንጆ ጽሑፍ ጻፍኩባቸው፤ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬም ሳጥን ውስጥ ደረደርኳቸው። ሚስቴ ደጃፍ ላይ ቆማ ስታየኝ ቆየችና "ልጅ የምትድር ነው እኮ የምትመስለው" ብላ ሳቀችብኝ።

ሰኞ ጠዋት በአንድ ሰዓት በካምፑ የጭነት መኪና ተነሳን። ሾፌሩ ሸምሱ ነው፤ ሲነዳ ዝም የሚል፣ ሲቆም ወሬ የማይጠግበው ሸምሱ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ኦቦ ጂሎ መሐል መንገድ ላይ ቆመው በትራቸውን ከፍ አደረጉ። በሌላው እጃቸው በበቆሎ ቆረቆንዳ የተወተፈ የአረቄ ጠርሙስ ይዘዋል።

"ልጄ፣ ይቺንም ውሰድልኝ" አሉ። "አሁን ከድልድዩ ሥር፣ ከብቶቼ ከሚጠጡበት የቀዳኋት ናት።"

ጠርሙሱን አየሁት። ጭቃ ነው። እኔ አፈርኩላቸው።

"ኦቦ ጂሎ፣ የተፈቀደው ስድስት ጠርሙስ ብቻ ነው። ይሄ ዝርዝሩ ላይ የለም" አልኳቸው።

"ታዲያ ጻፈዋ! የምትጽፈው አንተ አይደለህ?"

ጠርሙሱን ተቀብዬ በጋቢዬ ጠቀለልኩና እግሬ ሥር አደረግኩት። መኪናው ሳይንቀሳቀስ መዝገቤን አውጥቼ "የታየ ነገር" በሚለው ዓምድ ላይ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ማን ከየት እንደቀዳው ጻፍኩ። እውነቱን ለመናገር ላቦራቶሪ ላደርሰው አላሰብኩም ነበር። የጻፍኩት ልማድ ሆኖብኝ ነው፤ ያየሁትን ካልጻፍኩ የሆነ ነገር የረሳሁ ይመስለኛል።

ቀኑን ሙሉ አቧራ ስንጠጣ ውለን ለማደር ሻሸመኔ ገባን። እራት የበላነው ፓስታ በእንጀራ ነው፤ ከካምፑ ምስር ጋር ባላወዳድረው ይሻላል፤ ወጥ ቤቱ ይቀየመኛል። የሆቴሉ ባለቤት ሳጥኔን አቅፌ ስወጣ ስወርድ አይታ ምን እንደያዝኩ ጠየቀችኝ። ስነግራት ከእቃ ቤቷ አሮጌ ፍራሽ አውጥታ ሳጥኑን አስቀመጠችበት። እኔ የተኛሁበት አልጋ ከዚያ ፍራሽ አይሻልም ነበር።

ማክሰኞ

ከሞጆ በኋላ ኬላ ላይ አስቆሙን። ወታደሩ የይለፍ ወረቀቴን ሁለት ጊዜ አነበበና ሳጥኑን እንድከፍት አዘዘኝ።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ውሃ ነው።"

"አረቄ አይደለም?"

"ውሃ ነው፣ ጓድ። ለምርመራ ነው።"

"ከዚያ ድረስ ውሃ ተሸክመህ ወደ አዲስ አበባ? እዚያ ውሃ ጠፋ ያለህ ማነው?" አለና ጓደኞቹን ጠራ። ተሰብስበው ሳቁብኝ። አንደኛው የአንዱን ጠርሙስ ሰም በጥፍሩ ልጦ አሸተተው። ጣቱን ሊነክር ሲል እጁን ያዝኩት። የወታደርን እጅ መያዝ ምን ማለት እንደሆነ የገባኝ ከያዝኩት በኋላ ነው። ወታደሩ ራሱ እጁን ቀስ አድርጎ ሳበና "እንዲህ የሚያስፈራ ከሆነ ውሰደው" ብሎ ገመዱን ዝቅ አደረገልን።

አዲስ አበባ የገባነው አመሻሽ ላይ ነው። ከመርካቶ ወደ ሰሜን ሽቅብ ስንወጣ ከፊታችን እንጦጦ ከነባሕር ዛፉ ቆሟል፤ ጉለሌ እግሩ ሥር ናት። እኛ ተራራ አጥተን አይደለም። ነገር ግን ተራራ በአንድ ወገን፣ ይህ ሁሉ ቤት፣ ይህ ሁሉ መብራት በሌላ ወገን ሆኖ አንድ ላይ አይቼ አላውቅም። የእኛ ጄኔሬተር እራት ሳይበላ ይጠፋል፤ እዚህ ሰው የሌለበት መንገድ እንኳ ይበራለታል። አፌን ከፍቼ ስመለከት ሸምሱ በጉዞው ለመጀመሪያ ጊዜ እየነዳ ተናገረ፤ "ዝጋው፣ አቧራ ይገባል" አለኝ።

ያረፍኩት ዊንጌት አካባቢ፣ በሸምሱ ታላቅ ወንድም በአቶ ከድር ቤት ነው። አቶ ከድር ሱቅ አላቸው፤ ቤቱ ከሱቁ ጀርባ ነው። ሚስታቸው ወይዘሮ ዘይነባ ሰላምታዬን ሳልጨርስ ቆጮና አይብ አቀረቡ። የደቡብ ሰዎች ስለሆኑ እዚያ ሁሉ ርቀት ሄጄ የበላሁት የእኛኑ አገር ምግብ ሆነ፤ ደስ አለኝ። ከዚያ ውሃ በብርጭቆ ሰጡኝ። ወደ መብራቱ ከፍ አድርጌ አየሁት። አንዲት ቅንጣት የለበትም።

"መቼ ያደረ ነው?" አልኳቸው።

"ምኑ?"

"ውሃው። ሲጠልል ስንት ቀን ፈጀ?"

ወይዘሮ ዘይነባ ሳቃቸው መጣ፤ በነጠላቸው ያዙት። "አሁን ከቧንቧ የወረደ ነው እኮ፣ ወንድሜ! ምን ያሳድረዋል?"

አላመንኳቸውም። ግቢው ውስጥ ወዳለው ቧንቧ ሄጄ ራሴ ከፈትኩት። ሳይጠልል የጠራ ውሃ ከተፈጠርኩ መጀመሪያ ያየሁት ያኔ ነው። ሦስት ብርጭቆ ጠጣሁ፤ አንዱ ለጥም፣ ሁለቱ ለመገረም ነው። ጠርሙሶቼ ቀዝቃዛ ቦታ እንደሚፈልጉ ስነግራቸው ወይዘሮ ዘይነባ የሱቁን ጀርባ ጥግ አስለቅቀው ሰጡኝ። የኦቦ ጂሎን ጠርሙስ ግን ከነጋቢዬ አልጋዬ ሥር ገፋሁት።

ሰዓት እላፊው ሳይደርስ አቶ ከድር ቀበሌ ወስደው በእንግዳነት አስመዘገቡኝ። ከየት መጣህ፣ ለምን፣ እስከ መቼ? እስከ ዓርብ አልኩ። ጸሐፊው ስሜን የጻፈበት እጅ ጽሑፍ የዶሮ ጭረት ነበር። ምንም አላልኩም፤ እንግዳ ነኝ።

ረቡዕ

ጠዋት ብርዱ አጥንት ይገባል። እኛ ጋ በዚያ ሰዓት ሰው ሸሚዙን ያወልቃል። ከእንጦጦ ቅጠልና ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች ይወርዳሉ፤ ሸክሙ ከአንዳንዶቹ ይረዝማል። ተማሪዎች በመካከላቸው እየተሹለከለኩ ወደ ትምህርት ቤት ይሮጣሉ። እኔ ሳጥኔን ታቅፌ በእነዚያ ሴቶች ፊት "ከባድ ነው" ለማለት አፈርኩ።

ላቦራቶሪው በባሕር ዛፍ መካከል ያለ ረጅም ዝቅ ያለ ቤት ነው። የተቀበሉኝ ወይዘሮ ሰብለ የሚባሉ፣ እናቴን በዕድሜ የሚያክሉ ነጭ ካፖርት የለበሱ ባለሙያ ናቸው። ሳጥኑን ስከፍት ጠርሙሶቹን አንድ በአንድ እያነሱ አዩ።

"እንዴት ንጹሕ አድርገህ ነው የያዝከው! ይሄን ጽሑፍ የጻፈው ማነው?" አሉ።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ከካምፕ እስከ ጉለሌ ድረስ የተሸከምኩት ድካም በዚያች ቅጽበት ወረደልኝ።

ተረክበው ሲጨርሱ "የውሃ መዝጋቢ ነኝ ካልከኝ አንድ ነገር ላሳይህ" አሉና ወደ አንድ ክፍል አስገቡኝ። ወገኖቼ፣ አዲስ አበባ ምን አየህ ለምትሉኝ ሁሉ መልሴ ይህ ክፍል ነው። ከወለል እስከ ጣሪያ መዝገብ ነው። የአገሩ ምንጭ፣ ወንዝና ጉድጓድ ሁሉ እዚያ ተጽፎ ተቀምጧል። አንዱን አውርደው ከፈቱልኝ፤ የአንድ ምንጭ ውሃ ነው፤ እኔ ሳልወለድ የተጀመረ። በየቀኑ አንድ መስመር፤ ሙቀቱ፣ ከፍታው፣ ጥራቱ። ቀለሙ ይለወጣል፣ የእጅ ጽሑፉ ይለወጣል፣ ምንጩ ግን ይቀጥላል።

"የመጀመሪያው ጸሐፊ ሞቷል፤ ሁለተኛውም ሞቷል" አሉ ወይዘሮ ሰብለ። "ሦስተኛው ጡረታ ወጥቷል። ምንጩ በአንድ ወቅት ተበክሎ ሰው ሲታመም መቼ እንደጀመረ ያወቅነው ከእነሱ ነው። አንዱ ቀን ባይጻፍ ኖሮ አናገኘውም ነበር።"

እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ሥራዬ ሳህን መንከር ይመስለኝ ነበር። ብቻዬን ቦዩ አፍ ላይ ቆሜ የምጽፋትን መስመር ማንም የሚያነባት አይመስለኝም ነበር። ያን ክፍል ሳይ እንባዬ መጣ፤ አላፍርበትም። "ነገ መዝገብህን ይዘህ ና" ብለው አሰናበቱኝ።

ከሰዓት በኋላ አቶ ከድር ሸጎሌ የከብት ገበያ ወስደውኝ ነበር። የኦቦ ጂሎን የሞቱ ጥጆች የሚያካክሉ ጥጆች በገመድ ታስረው ቆመዋል። ብዙም አልቆየሁም።

ሐሙስ

ወይዘሮ ሰብለ ፊታቸው ፈክቶ ተቀበሉኝ። "ውሃችሁ ጥሩ ነው፤ ስድስቱም ከገደቡ በታች ናቸው" አሉ። ወረቀቱን አውጥተው መሙላት ጀመሩ። ማኅተሙ ከፊቴ ነው። ንጹሕ ወረቀት! ሥራ አስኪያጃችን እጄን ሲጨብጡኝ ታየኝ።

"ቀኖቹን ልገልብጥ፣ መዝገብህን ስጠኝ" አሉ።

በኩራት ሰጠኋቸው። አንዱን ገጽ አነበቡ፤ ቀጣዩን ገለጡ። ብዕራቸውን አስቀመጡ። ከዚያ አንዱን ጠርሙስ አንስተው በመስኮቱ ብርሃን አዩት፤ መልሰው መዝገቡን አዩ።

"ቅዳሜ ሳህንህ የጠፋው በአራት ጣት ነው ይላል።"

"አዎ።"

"ይሄ ጠርሙስ የቅዳሜ ነው። በዚህ ውሃ ውስጥ ሳህን አንድ ክንድ ወርዶም አይጠፋም። ወይ መዝገብህ ይዋሻል፣ ወይ ጠርሙስህ ይዋሻል። የትኛው ነው?"

"ሁለቱም አይዋሹም!" አልኩ። ደሜ ፈላ። "ድፍርሱን እንዳለ ላመጣልዎት ነው እንዴ? ያደረ ነው፤ ጠልሎ፣ ጭቃው ወርዶ ነው የቀዳሁት።"

ይህን ስናገር የሚያመሰግኑኝ መስሎኝ ነበር። ወይዘሮ ሰብለ አልተቆጡም።

"ልጄ፣ ከድንጋዩ የሚወጣው መርዛም ብረት የሚጓዘው ከጭቃው ጋር ነው" አሉ ቀስ ብለው። "አንተ ለእኔ ብለህ መርዙን አስቀርተህ ውሃውን አመጣህልኝ። ጥጃ ግን ውሃ አያሳድርም። ጭቃውን የት አደረግከው?"

"ጎመን ሥር" አልኩ።

ወረቀቱ ጠረጴዛው ላይ በግማሽ ተሞልቶ ተቀምጧል። እውነቱን ልጻፍ፤ አሰብኩ። "መዝገቡ ተሳስቷል፤ ገመዱ አጥሮብኝ ነው" ብል ይበቃ ነበር። ሁላችንም እናርፍ ነበር። ነገር ግን ትናንት ያን ክፍል አይቻለሁ። የመጀመሪያው ጸሐፊ ሞቷል፤ ሁለተኛውም ሞቷል፤ መስመራቸው ግን አለ። የእኔ መስመር ውሸት ነው ብዬ በአፌ መናገር አቃተኝ።

"የሚዋሸው ጠርሙሱ ነው" አልኩ።

ወይዘሮ ሰብለ ወረቀቱን አጥፈው መሳቢያ ውስጥ ከተቱት። "አዲስ ናሙና ያስፈልጋል። መቼ ነው የምትመለሰው?"

"ይለፌ የሚያበቃው ነገ ነው። ዳግመኛ ማን ይልከኛል?"

አንገቴን ደፋሁ። እሳቸው ግን መዝገቤን ይዘው ቀጠሉና የሰኞን ገጽ ሲደርሱ ጣታቸው ቆመ። "ይሄ ምንድን ነው? 'ኦቦ ጂሎ ከድልድዩ በታች ከከብት መጠጫ ቀድተው አንድ ጠርሙስ ሰጡኝ፤ አልጠለለም።' የት አለ ይሄ?"

ተነስቼ ወጣሁ። ከላቦራቶሪው እስከ ዊንጌት ድረስ ሮጥኩ። ሽቅብ የሚወጡት ሰዎች ሌባ የሚባረር መስሏቸው ከኋላዬ ያያሉ። ቤት ገብቼ አልጋው ሥር እጄን ሰደድኩ። ጋቢዬ ታጥቦ ገመድ ላይ ተሰጥቷል። ጠርሙሱ የለም።

"ወይዘሮ ዘይነባ! ጠርሙስ… ጭቃ ያለበት ጠርሙስ… ደፉት?" ትንፋሼ ተቆራረጠ። ጠርሙስ በዚያ ሰሞን እንደ ልብ የሚገኝ ዕቃ አልነበረም፤ አጥቦ ዘይት ያልሞላበት ሰው አላውቅም።

"ምን ያስደፋኛል? ና" አሉና ሱቁ ውስጥ አስገቡኝ። ከስኳሩ ጆንያ ጀርባ፣ እርጥብ ጨርቅ ተጠቅልሎበት በጣሳ ውሃ ውስጥ ቆሟል። "ቀዝቃዛ ይፈልጋሉ አላልክም? ይቺን ረስተሃት አልጋ ሥር ተጥላ አገኘኋት። በየሰዓቱ ጨርቋን አርስላታለሁ።"

እጃቸውን ይዤ ሳምኩት። "ምነው፣ ምነው" እያሉ ነጠቁኝ።

ዓርብ

ወይዘሮ ሰብለ ቆረቆንዳውን ነቅለው ሲያዩት ፈገግ አሉ። ጠርሙሱን አልተጸየፉትም፤ ለእኔ ጠርሙሶች ያላደረጉትን አደረጉለት፤ እስኪደባለቅ ናጡት። "ካምፕ ላይ አሲድ ጠብ ሊደረግበት ይገባ ነበር" አሉኝ። "አሁን ከብረቱ ጥቂቱ መስታወቱ ላይ ተጣብቆ ቀርቷል። ስለዚህ የምናገኘው ከእውነቱ ያነሰ ነው እንጂ የበለጠ አይሆንም። ይህን ወረቀቱ ላይ እጽፈዋለሁ። ማን እንደቀዳው፣ መቼና ከየት፣ መዝገብህ ስላለ ነው የምቀበለው።"

ውሃው በአሲድ ተቀቅሎ ከተጣራ በኋላ ወደ አንድ መሣሪያ ወሰዱት። ቀጭን ቱቦ ውሃውን ይስባል፤ ከዚያ ወደ እሳት ይነፋዋል። ውሃ እሳት ሲገባ እሳቱ አልጠፋም! ሰማያዊ ሆኖ እየነደደ ውሃውን ያነበዋል፤ መርፌውም ያነበበውን ይናገራል። መጀመሪያ ለማወዳደሪያ ከወይዘሮ ዘይነባ ቧንቧ ቀድቼ ያመጣሁትን ውሃ ሰጡት፤ መርፌው አልተነቃነቀም። ከዚያ ከእኔ ስድስት አንዱን፤ ትንሽ ፈቀቅ አለ። ቱቦውን ወደ ኦቦ ጂሎ ውሃ ሲያዛውሩት መርፌው ከተቀመጠበት ተነስቶ የገደቡን ቀይ መስመር አለፈ፤ አልፎም ሄደ። ሦስት ጊዜ ደገሙት። ሦስቱንም ጊዜ አለፈ።

ያየሁት ነገር አስፈራኝም፣ አስደነቀኝም። ማንም ያላመናቸው ሽማግሌ ከድልድይ ሥር በአረቄ ጠርሙስ የቀዱትን፣ አንድ ነበልባል እዚህ ተራራ ግርጌ ሆኖ አመነላቸው። ጎመናችንም ትዝ አለኝ።

ወረቀቱን ማኅተም መትተው ሰጡኝ። "ስድስቱን ናሙናዎችስ ምን ብለው ጻፉ?" አልኳቸው።

"'ጠልለው የቀረቡ፣ ለውሳኔ የማያገለግሉ' ብዬ። ያዘጋጃቸው ሰው ስህተቱን ራሱ መናገሩንም ጽፌያለሁ። መዝገብ ቤት ይቀመጣል" አሉ።

ማለት ከእነዚያ መዝገቦች በአንዱ ውስጥ እኔም አለሁ። በስህተቴ ነው ያለሁት፤ ግን አለሁ። ወይዘሮ ዘይነባ ለመንገድ በሶና ዳቦ ቋጥረውልኝ፣ አቶ ከድር እስከ መኪናው ሸኙኝ። ሸምሱ ወሬ ጠይቆ እስኪጨርስ ቆምን፤ ሲነዳ ዝም አለ።

እሁድ

የተመለስነው ቅዳሜ ማታ ነው። እሁድ ጠዋት መጀመሪያ ያደረግኩት ጎመኑን ከነሥሩ መንቀል ነበር። ሚስቴ እስካሁን አልታረቀችኝም። ቀጥሎ ወረቀቱን ለሥራ አስኪያጃችን አደረስኩ። አንብበው መነጽራቸውን አወለቁ።

"ንጹሕ ወረቀት ነበር ያልኩህ።"

"ጓድ ሥራ አስኪያጅ፣ ወረቀቱ ንጹሕ ነው። ያልጠራው ውሃው ነው" አልኳቸው። ሰኞ መውጫው ተዘጋ፤ አካፋም ታደለ። ያኮረፋችሁኝ በዚህ ነው።

ከቢሯቸው ወጥቼ ወደ ኦቦ ጂሎ ወረድኩ። ወረቀቱን አነበብኩላቸው። የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "የተነበበው የእኔ ጠርሙስ ነው?"

"የእርስዎ ብቻ ነው" አልኳቸው።

አልሳቁም፣ አልፎከሩም። ለእንግዳ የሚደረገው እንዲደረግልኝ ወደ ሚስታቸው ዞር አሉ። ሚስታቸው የወንዙን ውሃ ከማሰሮው ከላይ ከላዩ ቀድተው በጣሳ ሰጡኝ። ጥርት ያለ ነው። እዚያ ቤት ስንት ዓመት ይህን ውሃ ጠጥቼ አመስግኜ ሄጃለሁ። አሁን ጣሳውን ይዤ ቀረሁ። መጠጣት አልቻልኩም፤ መመለስም ነውር ነው።

"ኦቦ ጂሎ፣ ይቅር ይበሉኝ" አልኩ። "የማሰሮውን ታች ያሳዩኝ።"

ሚስታቸው ፊታቸውን አዞሩ። የሰው ቤት ማሰሮ ታቹ ይታይ ብሎ እንግዳ አይጠይቅም። ኦቦ ጂሎ ተነስተው የሸሚዛቸውን እጅጌ ጠቀለሉ፤ ክንዳቸውን ማሰሮው ውስጥ ከትተው እስከ ታች በጠበጡት። ለእንግዳ ብለው አሳድረው ያጠሩት ውሃ ዓይኔ እያየ ቡና መሰለ። እጃቸው ጭቃ እያንጠባጠበ ወደ እኔ ዞሩ።

"ይኸው፤ እኔም አላፈርኩ፣ አንተም አትፈር" አሉ። "ሳህንህን አውጣ።"

አወጣሁ፤ አወረድኩት። ሁለት ጣት ሳይደርስ ጠፋ። ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የማን ቤት ማሰሮ እንደሆነ ጻፍኩ።

ነገ ጠዋት ቦዩ አፍ ላይ የምለካው የሚወጣ ውሃ የለም። ስለዚህ አካፋ ይዤ ከእናንተ ጋር እቆፍራለሁ። ካላናገራችሁኝም ግድ የለም፤ ቦታ ብቻ ልቀቁልኝ።